ጨለለቅቱ፦ ወርዷል

«አልመጣችም ጋሼ። ሳጥን የሚባል ነገር ከመኪናው አልወረደችም» አለች የጨለለቅቱ ቢሮ ሠራተኛዋ መሰለች። ድምጿ ከስልኩ ስፒከር ውስጥ እየተቆራረጠ ነበር የሚወጣው።

ጋሽ ሙሐሲን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ ኮምፒውተሩ ስክሪን ጠጋ አሉ።

«እዚህ እኮ ወርዷል ይላል መሰለች። ጨለለቅቱ፣ ወርዷል። ከጎኑ ያንቺ ስም አለ።»

«የኔ ስም?»

«ያንቺ ስም። በአረንጓዴ።»

ኤልቤቴል መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ከፍታ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሲሆን ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው የጋሽ ሙሐሲን የዕቃ መላኪያ ቤት ትመጣለች። ከክፍል ጓደኛዋ ከይዲድያ ጋር የሠሩት ሶፍትዌር ሳምንቱን እንዴት እንደዋለ ታያለች፤ የጎደለ ካለ ታስተካክላለች። ሁለቱም የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ሶፍትዌሩን «ሸኚ» ብለውታል። አንድ ዕቃ ዲላ ላይ ሲጫን፣ ይርጋጨፌ ወይም ጨለለቅቱ ሲወርድ፣ ከዚያ ባለቤቱ ሲረከበው፣ ሦስቱም ቢሮዎች ያለበትን እኩል እንዲያዩ ነው የተሠራው።

በወሬ ደረጃ ቀላል ነበር። ችግሩ ሦስቱ ቢሮዎች ሦስት ዓይነት መሣሪያ መያዛቸው ነው። ዲላ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ይርጋጨፌ ያለችው ወለላ በራሷ ስልክ ትሠራለች። ጨለለቅቱ ደግሞ ጋሽ ሙሐሲን ከሰው ላይ የገዙት፣ ጀርባው በፕላስተር የተያዘ ታብሌት አለ። ጋሽ ሙሐሲን ገና ሥራው ሲጀመር ቁርጡን ተናግረው ነበር፦ «አዲስ መሣሪያ ግዙ እንዳትሉኝ። ባለው በሦስቱም ላይ ከሠራ እቀበላለሁ፤ ካልሠራ ይቅር።»

አንድ ጊዜ የተጻፈ ኮድ በሦስቱም ላይ እንዲሄድ ለማድረግ ክረምቱ አልቋል። ዲላ ያለው ኮምፒውተር የአማርኛውን ፊደል ሳጥን ሳጥን አድርጎ ያወጣው ነበር። የወለላ ስልክ ላይ ደግሞ «ተረክቧል» የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ በታች ወርዶ ይደበቃል። ኤልቤቴልና ይዲድያ አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው እየተበላሸ፣ ሲከራከሩና ሲሳሳቁ ቆይተው ባለፈው ወር ሥራውን አስረክበዋል። ጋሽ ሙሐሲን ወደውታል። ሐዋሳ ብዙ መኪና ላለው ወንድማቸው ሊያሳዩት አስበዋል።

አሁን የጠፋው የጫጩት ሳጥን ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ዲላ ካለ ጫጩት አከፋፋይ፣ ሬኮ ለሚኖሩ አቶ ገመቹ ለሚባሉ ገበሬ የተላከ፣ የአንድ ቀን ጫጩት። አቶ ገመቹ ዛሬ በማለዳ ከሬኮ ጨለለቅቱ ድረስ መጥተው መሰለች ፊት ቆመዋል። የእሳቸውም ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይሰማል፤ በጌዴኡፋ ነው የሚናገሩት። ኤልቤቴል ቋንቋውን ከእናቷ ለምዳዋለች። ሰውዬው አልተቆጡም። «ቤት ሠርቼላቸዋለሁ» ነው የሚሉት፣ ደጋግመው። «ጭድ አንጥፌ፣ ከብርድ ከልዬ ነው የመጣሁት።»

«በስህተት ለሌላ ሰው ሰጥተሽው ከሆነ ንገሪኝ» አሉ ጋሽ ሙሐሲን። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ልማዳቸው አይደለም። «ሰው ይሳሳታል። መደበቁ ነው የሚከፋው።»

«ያልመጣችውን ለማን እሰጣለሁ ጋሼ?»

መስመሩ ተቋረጠ። ጋሽ ሙሐሲን ስልኩን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«ጥሩ ልጅ ነበረች» አሉ።

ኤልቤቴል መጀመሪያ ላይ የተሰማት ኩራት ነበር። ሰዎቹ አለ የለም ሲባባሉ «ሸኚ» ብቻ ያወቀ መስሏታል። «ነበረች» የሚለው ቃል ግን ጆሮዋ ላይ ቀረ። ላፕቶፗን ወደ ራሷ ስባ የትናንቱን የጨለለቅቱ መዝገብ ከፈተች።

ሳጥኑ ትናንት ማምሻ ላይ ወርዷል ይላል። የመኪና ጎማውም ወርዷል። የሚስማሩ ካርቶንም፣ የስፌት መኪናውም፣ የተማሪዎቹ ፍራሽም። ሁሉም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ደቂቃ፣ በአንድ ሰከንድ።

ዕቃ ሲወርድ ሠራተኛዋ በላዩ ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ በካሜራ እያነበበች ነው አንድ በአንድ የምታስገባው። ይርጋጨፌ ላይ የወለላ ሥራ እንደዚያ ነው፤ በአንዱ ዕቃና በሌላው መሃል ጊዜ አለ። ኤልቤቴል የሐሙሱን ከፈተች። የረቡዑን ከፈተች። ጨለለቅቱ ላይ ሁልጊዜ ሁሉም ዕቃ እኩል ነው የሚወርደው። የሰው እጅ እንደዚህ አይሠራም።

«መጣሁ ጋሼ» ብላ ላፕቶፗን ዘጋች።

ይዲድያ ከስታዲየሙ ጀርባ፣ ቤታቸው በር ላይ የወንድሙን ባጃጅ እያጠበ ነበር። ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ፣ አረፋ በያዘ ጨርቅ መስታወቱን ይፈትጋል።

«ታብሌቱ ላይ ምንድን ነው የሠራኸው?» አለችው።

«ሰላም ማለት ቀረ?»

«ይዲ።»

ፊቷን አይቶ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለ።

«ካሜራው እንቢ አለ» አለ። «ታብሌቱ በጣም አሮጌ ነው። ፕሮግራሙ ካሜራውን ሲጠራ ድርግም ብሎ ይዘጋል። ያልሞከርኩት ነገር የለም። ጨለለቅቱ ሄጄ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ ታውቂያለሽ።»

«እና ምን አደረግክ?»

«መኪናው የሚደርስበት ሰዓት ሲሆን የተጫነውን በሙሉ ራሱ ወርዷል እንዲል አደረግኩት።»

«መሰለች ምንም ሳትነካ?»

«ለእሷ እኮ እረፍት ነው። ደግሞ ወር ሙሉ ምን ተበላሸ? ዕቃ ከተጫነ ይደርሳላ። የት ይሄዳል?»

«ስሟንስ ለምን ጻፍክበት?»

«ባዶውን አልቀበልም ሲለኝ ነዋ። የሠራተኛ ስም ካልተሞላ አያልፍም።»

ያለ ስም አያልፍም የሚለውን ሕግ የጻፈችው ኤልቤቴል ራሷ ናት። ይዲድያ ከጨለለቅቱ በተመለሰ ጊዜ «ታብሌቱስ?» ብላው «አለቀ» ሲላት፣ እስቲ አሳየኝ አላለችም። ማለቁን ነበር የፈለገችው።

ስለ ጫጩቶቹ ነገረችው። ይዲድያ የባጃጁ ደፍ ላይ ተቀመጠ።

«ይርጋጨፌ ቀርቶ ይሆናል» አለ። «መኪናው እዚያ ይቆማል። ከሌላ ዕቃ ጋር አውርደውት ይሆናል። ወለላ ትፈልግ በያቸው።»

«ለምን ብለው ቢጠይቁኝስ?»

«ገመትኩ በያቸው። ሳጥኑ ይገኛል፣ ሰውዬው ጫጩታቸውን ይወስዳሉ፣ አለቀ። እኔ ዛሬውኑ ኮዱን አስተካክለዋለሁ። ማንም ሳያውቅ።»

«መሰለችስ?»

«ሳጥኑ ከተገኘ ማን ስለ እሷ ያወራል? አቦ አታካብጂ ኤልቢ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሐዋሳውን ታውቂያለሽ። አሁን አይሠራም ከተባለ ሁለተኛ የሚያየን የለም። ወንድሜ ራሱ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠህ ትውላለህ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ከርሞ፣ ገና አሁን ነው ዝም ያለኝ።»

ይህን ሲል አላያትም። ኤልቤቴል ሌላ ነገር ብትል ይሻላት ነበር፤ «እሺ፣ መጀመሪያ ይፈለግ» ብላ ተመለሰች።

ጋሽ ሙሐሲን ሐሳቧን ሲሰሙ ግራ ገባቸው። «ጨለለቅቱ ወርዷል እያለ ይርጋጨፌ ምን ይሠራል?» ቢሉም ደወሉ። ወለላ ቢሮው ውስጥ እንደሌለ እርግጠኛ ነበረች። ከኋላ ያለውን መጋዘን ግን ትናንት ትልልቅ ጆንያዎች ከገቡበት ወዲህ አልከፈተችውም። ስልኩን ሳትዘጋ ሄደች። ከቢሮው ጎን ያለው የወፍጮ ቤት ጩኸት መጣ፤ ከዚያ የቁልፍ ድምፅ፣ ከዚያ የብረት በር። ወፍጮው ራቀ።

«ጋሼ፣ ይስሙ» አለች ወለላ።

ስልኩን ወደ ሳጥኑ አስጠግታው መሆን አለበት፤ ጭው ጭው የሚል ድምፅ ዲላ ያለውን ቢሮ ሞላው። ዕቃ ሊልክ የገባ አንድ ደንበኛ ሳይቀር ፈገግ አለ። ጋሽ ሙሐሲን ሳቁ። ኤልቤቴልም ሳቀች።

ጋሽ ሙሐሲን ግን ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ወደ ስክሪኑ ዞሩ።

«ታዲያ መሰለች ያላየችውን ነው አየሁ ያለችው» አሉ። «ሳጥኑ ይርጋጨፌ ተቀምጦ እሷ ወርዷል ብላ ነካች። አልሰረቀችም፣ እሺ። ግን ሳታይ አየሁ የምትልን ሰው በሰው ዕቃ ላይ አላስቀምጥም።» የመኪናቸውን ቁልፍ ከመሳቢያ አወጡ። «እኔው አደርስላቸዋለሁ። አንቺም ነይ ልጄ፤ ታብሌቱን ከእሷ ትረከቢያለሽ። አዲስ ሰው ስናስገባ ደግሞ አንቺ ታስተምሪልኛለሽ።»

ኤልቤቴል ለእናቷ ለወይዘሮ አልጋነሽ ደወለች። በልቧ አይሆንም እንዲሏት ፈልጋ ነበር። «ከጋሽ ሙሐሲን ጋር ከሆነ ሂጂ፤ ሹራብ ያዢ» አሉ እናቷ።

ይርጋጨፌ ሲደርሱ ወለላ ሳጥኑን አቅፋ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ኤልቤቴል ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ጎንና ጎኑ የተበሳሳ ካርቶን ነው፤ ሥሩ ይሞቃል። መኪናው ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ጫጩቶቹ እኩል ዝም ይሉና መልሰው ይጀምራሉ። ከመንገዱ በግራም በቀኝም እንሰትና ቡና ነው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ እርጥብ ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሴቶች በእጃቸው ያገላብጡታል።

ስልኳ ነዘረ። ይዲድያ ነው።

«ተገኘ?»

«ተገኘ» ብላ ጻፈች።

«አላልኩሽም። በቃ ዝም በይ። ኮዱን ከፍቼዋለሁ፣ እያስተካከልኩ ነው።»

ስልኳን ገለበጠችው።

«ጋሼ» አለች።

«አቤት።»

ጋሽ ሙሐሲን ከፊታቸው የሚሄደውን የጭነት መኪና ለመቅደም እየተዘጋጁ ነበር። ቀደሙት። ቀና ብለው በመስታወቱ አዩት። ከዚያ ወደ እሷ ዞር አሉ።

«ምን አልሽ?»

«በዚህ ቀዳዳ ብርድ ይገባባቸው ይሆን?»

«በነጠላዬ ሸፍኚው፤ ከኋላ አለልሽ» አሉ።

ኤልቤቴል ነጠላውን ስባ ሳጥኑን ሸፈነችው።

የጨለለቅቱ ቢሮ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ በሯ መንገዱ ላይ ነው የሚከፈተው። የገበያ ቀን ስለነበር በሩ ላይ ብዙ ሰው ቆሟል። መሰለች ኤልቤቴል ከጠበቀችው በላይ ልጅ ነበረች፤ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። የቢሮውን ቁልፍ ከወዲሁ ከማተቧ ላይ ፈትታ በእጇ ይዛዋለች። ታብሌቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ።

አቶ ገመቹ ሳጥኑን ከኤልቤቴል ተቀብለው ከበሩ ጎን ያለው ሣር ላይ ተቀመጡና ከፈቱት። ጫጩቶቹ ወደ ብርሃኑ ተንጫጩ። ጥግ ላይ የነበሩ ጥቂቶቹ ግን አልተነሡም። ሰውዬው እነሱን አንድ በአንድ እያወጡ ሣሩ ላይ አስቀመጧቸው። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። የቀሩትን በጣታቸው እየነካኩ ያዩ ጀመር።

«የሞቱትን እተካለሁ» አሏቸው ጋሽ ሙሐሲን። ከዚያ ወደ መሰለች ዞሩ። «ሳጥኑ ይርጋጨፌ ነው የተገኘው። ስለዚህ በሌላ ነገር አልጠረጥርሽም፣ እሱን ልንገርሽ። ግን ሳታዪ ነካሽ።»

«አልነካሁም።»

«ስምሽ አለበት መሰለች።»

«እኔ አልነካሁም ጋሼ። ስክሪኗ ራሷ ናት አረንጓዴ የምትሆነው። መኪናው ገና ሳትመጣ ራሱ አረንጓዴ የምትሆንበት ቀን አለ። ልጁን ደውዬ ጠየቅኩት። ‹አሠራሩ ነው፣ አትነካኪው› አለኝ። አልነካሁትም።» አማርኛው አልበቃ ሲላት ቀሪውን ለአቶ ገመቹ በጌዴኡፋ ነገረቻቸው። ኤልቤቴል ሰማቻት። «ሰው ሁሉ እያየኝ ነው» ነው ያለችው። «ነገ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እሄዳለሁ?»

ጋሽ ሙሐሲን ታብሌቱን ከጨርቁ አውጥተው ለኤልቤቴል ሰጧት።

«የሠራችሁት እናንተ ናችሁ» አሉ። «እንደዚህ ይሆናል? ሰው ሳይነካው ራሱ ይላል?»

ታብሌቱ ከባድ ነበር። ስክሪኑ ላይ የጣት አሻራ እንኳ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ንጹሕ ነው። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ነዘረ፣ ቆመ፣ እንደገና ነዘረ። «ልየው እስቲ» ማለት ትችላለች። «ምናልባት ኔትወርክ ይሆናል» ማለትም ይቻላል፤ በኔትወርክ ከተመካኘ ማንም አይጠይቅም። ጋሽ ሙሐሲን ይጠብቃሉ። መሰለች ግን አትጠብቅም፤ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሻርፗን ታነሣለች።

«አዎ ጋሼ» አለች ኤልቤቴል። «ራሱ ነው የሚለው።»

መሰለች ሻርፗን እንደያዘች ቆመች።

«የዚህ ታብሌት ካሜራ ከእኛ ፕሮግራም ጋር አይሠራም። አልሠራ ሲል ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉንም ወርዷል እንዲል ተደረገ። ስሟን የሚሞላውም ራሱ ነው። እሷ ምንም አልነካችም፤ ብትነካም ታብሌቱ አይሰማትም ነበር።» «በሦስቱም ላይ ይሠራል ብለን ነው ያስረከብንዎት። በሁለቱ ላይ ነው የሚሠራው።»

«መቼ አወቅሽ?»

ይህን ጥያቄ አላሰበችበትም ነበር።

«ዛሬ ጠዋት። ለወለላ ከመደወልዎ በፊት።»

ጋሽ ሙሐሲን መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠርዝ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«እዚህ ድረስ ከጎኔ ተቀምጠሽ መጣሽ» አሉ።

«አዎ።»

ወደ መሰለች ዞሩ። «አጥፍቻለሁ» አሏት።

«እኔን ብቻ አይደለም ጋሼ። ሰው ሰምቷል» አለች መሰለች። ድምጿ አልለዘበም።

ጋሽ ሙሐሲን ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ በሩ ወጡና ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ለቆሙት ሰዎች፣ በሌላ ጊዜ ከሚናገሩበት ትንሽ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ሳጥኑ ይርጋጨፌ በስህተት እንደቀረ፣ ጥፋቱ የእሳቸው ቤት አሠራር እንጂ የመሰለች እንዳልሆነ ተናገሩ። አቶ ገመቹ ከተቀመጡበት ሆነው በጌዴኡፋ ደገሙላቸው፣ ላልሰማ እንዲሰማ። አንድ ሁለት ሰዎች ወደ መሰለች አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። የቀሩት ወደ ገበያቸው ሄዱ።

ጋሽ ሙሐሲን ሲመለሱ ኤልቤቴልን «ሸኚን ዝጊው» አሏት። «በሦስቱም ቦታ። እንደ ድሮው በወረቀት እንሠራለን።»

ዲላና ይርጋጨፌ እኮ ይሠራል ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ስልኳን አውጥታ በእሱ በኩል «ሸኚ»ን ዘጋችው። ብዙ ጊዜ አልፈጀም። ስለ ሐዋሳው ወንድማቸው ጋሽ ሙሐሲን አላነሡም፤ እሷም አልጠየቀችም።

መሰለች ቁልፉን መልሳ ማተቧ ላይ እያሰረች ነበር። ኤልቤቴል ይቅርታ ልትጠይቃት ስትጠጋ ታብሌቱን በዐይኗ አሳየቻት።

«ያንን ውሰጂው» አለቻት። «ስትመልሺው ግን እኔ ሳልናገር እሱ በእኔ ስም እንዳትናገር።»

«እሺ» አለች ኤልቤቴል። ታብሌቱን በጨርቁ መልሳ ጠቀለለችው።

ሲመለሱ ጋሽ ሙሐሲን ለዐስር ሶላት ይርጋጨፌ መስጊድ አጠገብ ቆሙ። ኤልቤቴል መኪናው ውስጥ ቀርታ ይዲድያ ጋ ደወለች። ገና ሳይጠራ አነሣው።

«ምን ሆነሽ ነው የማታነሺው? ‹ሸኚ› ጠፍቷል እኮ፣ ምንም አይከፍትም።»

«እኔ ነኝ የዘጋሁት። ነገርኳቸው ይዲ።»

ከበስተጀርባ ባጃጁ ሲነሣ ይሰማል።

«ስሜን ጠራሽ?»

«አልጠራሁም። እኛ ነው ያልኩት። የሠራተኛ ስም ካልተሞላ አያልፍም ያልኩት እኔ ነኝ። ታብሌቱን ሳላይ የተቀበልኩትም እኔ ነኝ።»

«አስተካክዬው ነበር እኮ» አለ። «ልጨርስ ትንሽ ነበር የቀረኝ።»

«መሰለችን ሊያባርሯት ነበር።»

ይዲድያ ስልኩን ዘጋው። መልሳ አልደወለችም። ታብሌቱን ጭኗ ላይ፣ ሳጥኑ የነበረበት ቦታ አድርጋ ጋሽ ሙሐሲንን ጠበቀች። ሲመጡ ከአንዲት ሱቅ የገዙትን ብስኩት ሰጧት። ቂም የያዙ አይመስሉም፤ እንደ ጠዋቱም ግን «ልጄ» አላሏትም።

ሰኞ ክፍል ውስጥ ይዲድያ ቦታ ቀይሮ ከኋላ ተቀመጠ። በእረፍት ሰዓት አጠገቧ አለፈ፣ አላናገራትም። ጓደኞቻቸው «ምን ተፈጠረ?» ሲሏት «ምንም» አለች።

ከትምህርት በኋላ ኤልቤቴል ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ገባች። ታብሌቱን ከላፕቶፗ ጋር አገናኝታ፣ «ሸኚ»ን ለሙከራ ብቻ አስነሥታ፣ ይዲድያ የጻፈውን ክፍል ከፈተች። ጥቂት መስመር ነው፤ ጥሩም ነበር የተጻፈው፣ የእሱ አጻጻፍ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። አጠፋችው። ታብሌቱ ላይ ወርዷል የሚለው ቦታ ባዶ ሆነ። ካሜራውን ተወችው። በምትኩ የዕቃው ቁጥር በእጅ የሚጻፍበት አንዲት ሳጥንና አንድ ትልቅ ቁልፍ ሠራች። ታብሌቱ ላይ ጫነችው። ተከፈተ። ቁጥር ጻፈች፣ ነካች። ቆየ። ከዚያ ያ አንድ ቁጥር ብቻ አረንጓዴ ሆነ። ሌሎቹ፣ ገና ያልወረዱት፣ እንደነበሩ ቢጫ ናቸው።

«ፋራ ነው» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ። ይዲድያ በሩን ተደግፎ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላወቀችም። «በዚህ ዘመን ቁጥር በእጅ የሚያስጽፍ አፕ።»

«ፋራ ነው። ግን ይከፈታል።»

ትንሽ ቆሞ መጣና ታብሌቱን አነሣ። ቁጥር ጻፈ። ከዚያ ኢንተርኔቱን ዘግቶ ሌላ ቁጥር ጻፈና ነካ። ያም አረንጓዴ ሆነ።

«አየሽ» አለ። «መልእክቱ ሳይሄድ አረንጓዴ አደረገው። ጨለለቅቱ ኔትወርክ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ይኼም ያው ውሸት ነው።»

ኤልቤቴል አየችው። ልክ ነው። እንዴት እንዳላሰበችበት ገረማት።

«እስኪሄድ ድረስ ግራጫ ይሁን» አለ ይዲድያ። «‹ይጠብቃል› ብለን እንጻፍበት።» ወንበር በእግሩ ሳብ አድርጎ ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዞረ። ጻፈ፣ ጫነ፣ ሞከረ። ታብሌቱ ተዘጋ። እንደገና ጻፈ። ውጭ ሜዳው ላይ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ድምፅ እየቀነሰ ሄደ፤ ዘበኛው መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ አያቸውና «ጨርሱ እንግዲህ» ብሎ ሄደ።

«ጋሽ ሙሐሲን እሺ ይላሉ?» አለ ይዲድያ።

«አላውቅም። አልጠየቅኳቸውም።»

«ሐዋሳውስ?»

«ያንንም አላውቅም።»

ራሱን ነቀነቀ። ታብሌቱን ገልብጦ ጀርባው ላይ ያለውን ፕላስተር ጫፉን በጥፍሩ አስተካከለ።

«ባይሉም ታብሌቱን ቅዳሜ ጨለለቅቱ እመልሰዋለሁ» አለች ኤልቤቴል። «እንዴት እንደሚሠራ ለመሰለች ራሴ አሳያታለሁ። አልፈልግም ካለችም ትንገረኝ።»

«በጣም ተናዳለች?»

«አዎ።»

ይዲድያ ሌላ ቁጥር ጻፈ። ስክሪኑ ላይ «ይጠብቃል» የሚል ግራጫ ቃል ወጣ። ኢንተርኔቱን መልሶ ከፈተው። ሁለቱም አጎንብሰው አዩት። ቃሉ እንደዚያው ግራጫ ሆኖ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ።

«መኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?»

«ማለዳ ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ።»

«ለእኔም ቦታ ያዢልኝ» አለ፣ ዐይኑን ከታብሌቱ ላይ ሳያነሣ።